ፎም ሮለር የተጎዳ ጡንቻን ይጠግናል ወይስ ህመሙን ብቻ ያስታግሣል?

ፎም ሮለር ማለት ሰው ላዩ ላይ ተኝቶ እየተንከባለለ ጡንቻውን የሚያሽበት፣ ከጠጣር ስፖንጅ መሰል ነገር የተሠራ ድብልብል መሣሪያ ነው። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን የ29 ዓመት ሰው ሲሆኑ አዲስ አበባ ውስጥ በሳምንት አራት ቀን ክብደት ያነሳሉ። ከአራቱ ቀናት አንዱን ለእግር ብቻ መድበዋል። በዚያ ቀን ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሣት)፣ ላንጅ (አንድ እግር ወደ ፊት አራምዶ ጉልበትን ማጠፍ) እና ዴድሊፍት (ባርቤል የሚባለውን ባለ ክብደት ዘንግ ከወለል ማንሳት) አከታትለው ከሠሩ በኋላ ለሦስት ቀን ያህል ግድግዳ ካልያዙ ደረጃ መውረድ ያቅታቸዋል። ጂም ውስጥ የሚያውቋቸው ሰዎች «ፎም ሮለር ላክቲክ አሲዱን ያስወጣል፣ የተቋጠረውንም ጡንቻ ይፈታል» ስላሏቸው፣ ጉጥ ጉጥ ያለበት ጠንካራ ሮለር ገዝተው በተለይ የጭናቸውን ውጫዊ ጎን እስኪበልዝ ድረስ አሽተዋል። አሁን የሚጠይቁት መሣሪያው በእርግጥ ጡንቻ እንዲያገግም ይረዳ እንደሆነ፣ ከልምምድ በፊት ይሻል ወይስ በኋላ፣ ስንት ደቂቃ እና እስከ ምን ያህል ህመም ድረስ እንደሚታሽ ነው። ሮለር መግዛት ያልቻለ ጓደኛቸው በፕላስቲክ ቱቦ መጠቀም ይችል እንደሆነም ጠይቀዋል። በመጨረሻም በጾም ወቅት ህመሙ እንደሚብስባቸው ጽፈዋል።

ውድ ጠያቂ፣ ሌላውን ከማብራራቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት፤ የበለዘው ቦታ ወደ ቀድሞ መልኩ እስኪመለስ ድረስ የጭንዎን ጎን በሮለሩ አይንኩት። መበለዝ ማለት ከቆዳ ሥር ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ተበጥሰው ደም ፈሷል ማለት ነው። በልምምድ ለተጎዳ እግር ሌላ ጉዳት ጨመሩበት እንጂ አላገዙትም።

ለዋናው ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ ፎም ሮለር ህመምን ያስታግሣል፣ የመገጣጠሚያዎችንም እንቅስቃሴ ለአጭር ጊዜ ያላላል፣ ነገር ግን የተጎዳ ጡንቻን አይጠግንም። የጥገናውን ሥራ የሚሠራው ሰውነትዎ ራሱ ሲሆን፣ ለዚህም የሚያስፈልገው ምግብ፣ እንቅልፍና ጊዜ ነው። ይህን ልዩነት አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ከማያቸው ክብደት አንሺዎች መካከል በርከት ያሉት ችግር ውስጥ የገቡት ሮለሩ በደንብ ስለሠራላቸው ነው፤ ህመሙ ሲቀልላቸው ጡንቻው የዳነ ይመስላቸውና በማግስቱ ያንኑ ክብደት ይሸከማሉ። የህመም መቅለልና የጡንቻ መዳን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከያዙልኝ ቀሪው ሁሉ ከዚህ የሚከተል ነው።

በቅድሚያ የላክቲክ አሲዱን ነገር እናጥራው። ከባድ ዙር ሲሠሩ ጭንዎ ውስጥ የሚሰማዎት ማቃጠል የሚመጣው የላክቴት፣ ማለትም በተለምዶ ላክቲክ አሲድ የሚባለው ነገር፣ መጠን በሚጨምርበት ሰዓት ስለሆነ፣ ሰው በማግስቱ የሚሰማውን ህመም የዚያው ቅሪት አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በደም ውስጥ የጨመረው ላክቴት ልምምዱ ከቆመ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ መደበኛ መጠኑ ይመለሳል፤ ልብን የመሳሰሉ የሰውነት ክፍሎችም እንደ ነዳጅ ይጠቀሙበታል። እርስዎን ደረጃ የሚያስቸግርዎት ህመም ግን ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ውስጥ ጀምሮ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ውስጥ የሚበረታ ነው። ስለዚህ በማግስቱ ሮለሩ ላይ በሚተኙበት ሰዓት ተጨምቆ የሚወጣ የትናንት ላክቲክ አሲድ ጡንቻዎ ውስጥ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል። በደልዳላ መሬት የሮጡት ሰዎች ላክቴታቸው ከፍ ቢልም በማግስቱ ጡንቻቸውን አላመማቸውም፤ ቁልቁል የሮጡት ግን ላክቴታቸው ይህን ያህል ሳይጨምር ጡንቻቸውን አሟቸዋል። እንጦጦን በእግሩ ወጥቶ የወረደ ሰው ይህንን ያለ ላቦራቶሪ ያውቀዋል። ልብ የሚያስመታውና ትንፋሽ የሚያሳጥረው ዳገቱ ነው፤ በማግስቱ ጭንን አስሮ የሚይዘው ግን ቁልቁለቱ ነው።

ቁልቁል ስንወርድ የጭን ፊት ጡንቻ የሰውነታችንን ክብደት የሚሸከመው እየተለጠጠ ነው፤ ብሬክ ሆኖ ይሠራል ማለት ነው። ስኳት ሲሠሩ ባርቤሉን ተሸክመው ቀስ ብለው ወደ ታች የሚወርዱበት ክፍል፣ ላንጅ ሲሠሩ የፊተኛው ጉልበት የሚታጠፍበት ክፍል፣ ዴድሊፍት ሲሠሩ ባርቤሉን ወደ ወለል የሚመልሱበት ክፍል ሁሉ ከዚሁ ዓይነት ነው። ጡንቻ እየረዘመ ሲጫን፣ በተለይም ያልለመደው ጫና ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት እጅግ ጥቃቅን የመኮማተሪያ ክፍሎች ከልክ በላይ ይለጠጣሉ፣ አንዳንዶቹም ይጎዳሉ። ከዚያ በኋላ ሰውነት የጥገና ሥራውን ሲጀምር አካባቢው መጠነኛ እብጠት ይይዘዋል፣ የሚመነጩት ኬሚካሎችም የነርቭ ጫፎችን ስሱ ያደርጓቸዋል፤ በደኅና ጊዜ የማይሰማዎት ቀላል ጫና ያን ጊዜ ህመም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ቴዎዶር ሃፍ ዘግይቶ የሚመጣው የጡንቻ ህመም በጡንቻው ውስጥ ከሚፈጠር መቀደድ ጋር የተያያዘ ሳይሆን እንደማይቀር እ.ኤ.አ. በ1902 ጽፎ ነበር። ሐሳቡ ከ120 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሆኖ ሳለ የላክቲክ አሲዱ ወሬ እስከ ዛሬ በየጂሙ መሰማቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሁለተኛው «የተቋጠረውን ይፈታል» የሚለው ነው። በዚህ አነጋገር ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ጡንቻን እንደ ስስ ከረጢት የሚሸፍነው ፋሺያ የተባለው ሽፋን እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ሮለሩም ጨፍልቆ ያላቅቀዋል የሚል ነው። የጭንዎ ውጫዊ ጎን፣ ማለትም እስኪበልዝ ያሹት ቦታ፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እዚያ ከዳሌ ተነሥቶ እስከ ጉልበት በታች የሚወርድ ወፍራምና ጠንካራ ሽፋን አለ፤ ሥራውም ቆመን ስንራመድ ዳሌንና ጉልበትን ደግፎ መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የሒሳብ ስሌት ጥናት እንዳሳየው፣ ይህንን ሽፋን በመጫን ቅርጹን በ1 በመቶ ብቻ ለመለወጥ እንኳ ከሰው አቅም ውጭ የሆነ ኃይል ያስፈልጋል። እርስዎ የቱንም ያህል ቢተኙበት አይረዝምም፣ «አይፈታም» ማለት ነው። የሚሰማዎት ከባድ ህመም ሽፋኑና ከሥሩ ያለው ጡንቻ በሮለሩና በጭን አጥንትዎ መካከል ከመጨፍለቃቸው የሚመጣ ነው። የጭንዎ ጎን የመወጠር ስሜት ካለው፣ ከሽፋኑ ጋር በላይኛው ጫፍ የሚገናኙትን የመቀመጫና የዳሌ ጎን ጡንቻዎች ማሸት ይሻላል፤ እነርሱ ሥጋ ያላቸው ናቸው፣ ጫናውንም ይችሉታል።

ታዲያ ሲነሡ ለምን ቅልል ይልዎታል? እስካሁን ከተደረጉት ጥናቶች በጣም የሚያስተምረኝ እ.ኤ.አ. በ2015 በባት ጡንቻ ላይ የተደረገው ነው። ተመራማሪዎቹ በባት ላይ ሲነካ የሚያም ነጥብ ፈልገው ምን ያህል ጫና ሲደረግበት ህመም እንደሚጀምር ለኩ። ያንን ባት በሮለር ሲያሹት የህመም መነሻው ከፍ አለ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ሌላኛውን እግር፣ ማለትም የማያመውን ባት፣ ሲያሹትም በሚያመው እግር ላይ ህመሙ ቀለለ። የግራ እግር ላይ የተንከባለለ ሮለር የቀኝ እግርን ቋጠሮ ሊፈታ አይችልም። ሁለቱን እግሮች የሚያገናኛቸው የነርቭ ሥርዓት ነውና፣ ለውጡ በዋናነት የተፈጠረው አከርካሪና አንጎል የህመም መልእክትን በሚያስተናግዱበት መንገድ ላይ ነው ብዬ የማምነው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ሮለሩ ለቆዳና ለጡንቻ የሚሰጠው ረጋ ያለ ጫና የነርቭ ሥርዓቱን ያረጋጋዋል፣ ጡንቻውም ሲነካ እንደ ቀድሞው አይሸማቀቅም፣ መገጣጠሚያውም ከቀድሞው ትንሽ በላይ ይታጠፋል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ያደግንበትን እሽት ማንሳት ተገቢ ይመስለኛል። ልጅ ሆነን ወድቀን ወይም ተጣመን ወጌሻ ዘንድ ስንወሰድ በቅቤ የሚታሸው ቦታ ሲያምና ስንጮህ አዋቂዎች «ቻለው፣ እየወጣልህ ነው» ይሉ ነበር። አብዛኞቻችን እስከ ዛሬ ህመም የበዛበት እሽት የበለጠ ይሠራል ብለን የምናምነው ከዚያ ይመስለኛል። የእጅን ሙያ አላቃልልም፤ የሚያውቅ እጅ ብዙ ሰው አስታግሧል። ሮለር ላይ ግን ደንቡ የተገላቢጦሽ ነው። ህመሙ ሲበዛ ጡንቻው ራሱን ለመከላከል ይኮማተራል፣ ትንፋሽ ይቆማል፣ ጥርስ ይነከሳል፣ በዚያን ጊዜም ሊያረጋጉት የነበረውን የነርቭ ሥርዓት እያስደነገጡት ነው።

ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ማወቅ ለሚፈልጉ ሁለት ጥናቶችን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የመጀመሪያው ጥናት ከእርስዎ ሁኔታ ጋር ይቀራረባል። ስምንት ወንዶች ሊያነሱ ከሚችሉት ከፍተኛ ክብደት 60 በመቶውን ተሸክመው 10 ዙር፣ በየዙሩም 10 ጊዜ ስኳት ሠሩ። በአንደኛው ጊዜ ምንም ሳይጨምሩ አረፉ፤ በሌላኛው ጊዜ ደግሞ ልምምዱ እንዳለቀ፣ ከዚያም በ24ኛውና በ48ኛው ሰዓት በፎም ሮለር ለ20 ደቂቃ ታሹ። በታሹበት ጊዜ የጭናቸው ህመም አነሰ፣ የአጭር ርቀት ሩጫቸውና ዝላያቸውም የወረደው በትንሹ ነበር። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና 21 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ነው። በዚህ መሠረት ከልምምድ በኋላ መታሸት የህመም ስሜትን በአማካይ 6 በመቶ ያህል ሲቀንስ፣ የጥንካሬ መውረድን ደግሞ በ3.9 በመቶ ያህል አለዝቧል፤ ከልምምድ በፊት የታሹት የመተጣጠፍ ችሎታቸው በ4 በመቶ ገደማ ጨምሯል።

እነዚህ ትንንሽ ቁጥሮች ናቸው። በዚያ ላይ የታሸ ሰው መታሸቱን ስለሚያውቅ፣ እንደ መድኃኒት ጥናት የውሸት ክኒን ሰጥቶ ማነጻጸር አይቻልም፤ ከጥቅሙ የተወሰነው ድርሻ ከተስፋ የመጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህም ሆኖ ለህመምተኞቼ ሮለርን የምመክረው ጉዳቱ በልክ ለተጠቀመበት ሰው አነስተኛ ስለሆነ፣ ወጪውም አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ እና ህመሙ የቀለለለት ሰው ከመቀመጥ ይልቅ መንቀሳቀስ ስለሚመርጥ ነው። የታመመ ጡንቻን በቀላሉ ማንቀሳቀስ፣ ለምሳሌ ለ20 ደቂቃ በእርጋታ መራመድ፣ ህመምን ለማስታገሥ ከሮለሩ ብዙም አያንስም።

ከልምምድ በፊት ወይስ በኋላ ላሉት፣ ሁለቱም ቦታ አለው፤ ዓላማቸው ግን ይለያያል። ከልምምድ በፊት የምንፈልገው የመገጣጠሚያን መላላት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት 11 ወንዶች የጭን ፊት ጡንቻቸውን ሁለት ጊዜ ለአንድ አንድ ደቂቃ ሲያሹ፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ የጉልበታቸው የመታጠፍ መጠን በ10 ዲግሪ ያህል፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ደግሞ በ8 ዲግሪ ያህል ጨምሮ ተገኝቷል፤ የጡንቻው ኃይልም አልቀነሰም። አንድን ጡንቻ ለረጅም ጊዜ ለጥጦ ማቆየት ኃይልን ትንሽ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ከባድ ስኳት ለሚሠራ ሰው ይህ ጠቃሚ ልዩነት ነው። ሆኖም መላላቱ የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ጡንቻ ላይ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ አሽተው ወዲያው ወደ ማሟሟቂያው፣ ከዚያም በባዶ ባርቤል ወደሚሠራው ስኳት ይለፉ። ሮለር ማሟሟቂያን አይተካም፤ ጡንቻን የሚያሞቀው እንቅስቃሴ ነው። ከልምምድ በኋላ ደግሞ ህመምን ማስታገሥ ነውና፣ በዚያው ቀንና በተከታዮቹ ሁለት ቀናት በየጡንቻው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በአጠቃላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። እኔ ማታ ከመተኛት በፊት ያለውን ሰዓት እመርጣለሁ፤ ቀስ ብሎ መተንፈስን ስለሚያስገድድ ለእንቅልፍም ይጠቅማል።

አያያዙን በጭን ፊት ጡንቻ ላሳይዎት። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው በሆድዎ ይተኙና ክርንዎን መሬት ላይ ይደግፉ፤ ሮለሩን በአንድ ጭን ሥር፣ ከጉልበት ሎሚ አራት ጣት ያህል ከፍ አድርገው ያስገቡት። ሌላኛውን እግር ወደ ጎን አጥፈው በጉልበትዎ ወለሉን ይደግፉ፤ ጫናውን የሚቆጣጠሩት በዚህ እግርና በክርንዎ ነው። ከዚያ ሰውነትዎን ወደ ታች እየገፉ ሮለሩ ወደ ዳሌዎ እንዲመጣ ያድርጉ፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ጭንዎን ለመጨረስ አሥር ሰከንድ ያህል ሊወስድብዎት ይገባል። ከጭንዎ አጋማሽ ትንሽ ከፍ ሲሉ የሚያም ነጥብ ያገኙ ይሆናል። እዚያ ሲደርሱ ይቁሙ፣ ክብደትዎን ወደ ክርንዎ ትንሽ ይመልሱ፣ በአፍንጫዎ ስበው በአፍዎ ረዘም አድርገው ይተንፍሱ። ከሦስት ወይም ከአራት ትንፋሽ በኋላ ህመሙ ሲለዝብ ይሰማዎታል፤ ያን ጊዜ ጉልበትዎን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብለው አጥፈው ይዘርጉና መንገድዎን ይቀጥሉ። ካልለዘበ ይለፉት።

ለህመሙ ልክ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ዜሮ ምንም ህመም የሌለበት፣ 10 ደግሞ የማይቻል ነው ብንል፣ ከ5 ወይም ከ6 አይለፉ። ቁጥር መስጠት ካስቸገረዎት ፊትዎን ይጠይቁት፤ ፊትዎ ከተጨማደደ፣ ትንፋሽዎን ከያዙ፣ ወይም ያለ ማቋረጥ ማውራት ካልቻሉ ጫናው በዝቷል። በማግስቱ ቦታው የሚበልዝ ወይም ለእጅ ንክኪ የሚያም ከሆነም እንዲሁ። ለባት፣ ለጭን ኋላ፣ ለመቀመጫና ለላይኛው ጀርባ ተመሳሳይ አካሄድ ይሠራል። ወገብን ግን በሮለሩ ላይ አያስተኙ፤ የጎድን አጥንት ድጋፍ የለውምና ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ከጉልበት ኋላ ያለው እጥፋት የደም ሥርና ነርቭ ለቆዳ ቀርበው የሚያልፉበት ስለሆነ ይዝለሉት፤ የአንገት ፊትና አጥንት ላይ ያሉ ቦታዎችም ሮለር አይነካቸውም።

ጉጥ ያለበትን ሮለር አይጣሉት፤ ነገር ግን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፎጣ ጠቅልለውበት ይጠቀሙ። ለጀማሪ የሚሻለው ገጹ ለስላሳ የሆነ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ሮለር ነው። ጓደኛዎም ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገኘውን ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ፍሳሽ ቱቦ 45 ሳንቲ ሜትር አስቆርጦ፣ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ በወፍራም ፎጣ ሁለት ዙር ጠቅልሎ ሊጠቀምበት ይችላል። ቱቦ ከፎም ስለሚጠነክር ጫናውን በእጅና በሌላኛው እግር መቀነስ ይኖርበታል። ለባት ብቻ ከሆነ የሊጥ መዳመጫ እንኳ ይበቃል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሁለት እጅ ይዞ ማንከባለል ነው።

አሁን ወደ ሦስት ቀኑ ህመምዎ ልመለስ፤ እውነተኛው መፍትሔ ያለው ከሮለሩ ይልቅ በሳምንቱ አደላደል ላይ ነውና። የእግርን ሥራ ሁሉ በአንድ ቀን አጭቀው ስድስት ቀን ይተዉታል። ጡንቻ አንድ ጊዜ የቀመሰውን ጫና ያስታውሳል፤ ያው ጫና በቅርብ ጊዜ ሲደገም ጉዳቱም ህመሙም በግልጽ ይቀንሳል። ይህ ጥበቃ የሚገኘው ደግሞ በመጠነኛ ሥራም ጭምር ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን ከሚሠሯቸው ዙሮች ግማሹን፣ ለምሳሌ ስኳቱንና አንድ ቀላል የጭን ኋላ እንቅስቃሴ፣ ሰኞ ይሥሩ፤ ዴድሊፍቱንና ላንጁን ሐሙስ ያድርጉት። የሳምንቱ ጠቅላላ ሥራ አይቀንስም። አዲስ እንቅስቃሴ በሚጀምሩበት ሳምንት ሁለት ዙር ብቻ ይበቃል፤ ላንጅ በተለይ ሰውን የሚያሽመደምደው እንደ ቀላል ታይቶ ገና ከጅምሩ ስለሚበዛ ነው።

ጾሙን በተመለከተ የሚሉት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ጥፋቱ የጾሙ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና 49 ጥናቶችን ያጣመረ ሥራ እንዳመለከተው፣ ክብደት ለሚያነሳ ሰው በቀን በእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን በቂ ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 112 ግራም ይሆናል። በጾም ቀን ቀጠን ተደርጎ የተሠራ ሽሮ በእንጀራ ሁለት ጊዜ በልቶ ወደዚህ መጠን መድረስ አይቻልም፤ በውሃ የቀጠነ ሽሮ ውስጥ ያለው ዱቄት ጥቂት ነው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር ወይም ሽምብራ 9 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። ስለዚህ ምስር ወጡን ወፈር አድርገው በርከት ያለ ይብሉ፣ የተቀቀለ ሽምብራና ባቄላ፣ አኩሪ አተርና ኦቾሎኒ ይጨምሩበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ የእግርን ልምምድ ጠዋት በባዶ ሆድ ከማድረግ ይልቅ፣ በልተውና በቂ ውሃ ጠጥተው ወደ ማታ ያዛውሩት፤ ከልምምዱ በኋላም እራት ይኖርዎታል። እንቅልፍዎ ከሰባት ሰዓት ያነሰ ከሆነ ከዚህ ሁሉ በፊት እርሱን ያስተካክሉ።

ሮለርን ጨርሶ መጠቀም የማይገባባቸው ሁኔታዎችም አሉ። አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ከቀላ፣ በተለይ ከረጅም በረራ ወይም ከረጅም መኝታ በኋላ ከሆነ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሳይነኩት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ልምምድ ላይ ሳሉ በድንገት እንደ መበጠስ ያለ ስሜት ተሰምቶ የመጣ ህመም፣ የተጎዳ አጥንት፣ ክፍት ቁስል፣ የጎላ የደም ሥር እብጠት፣ እንዲሁም በስኳር ሕመም ምክንያት የደነዘዘ እግር ሮለር አይገባቸውም፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ከከባድ የእግር ቀን በኋላ ጭንዎ እጅግ አብጦ ከዛለና ሽንትዎ እንደ ኮካኮላ ከጠቆረ ግን ተራ የጡንቻ ህመም አይደለም። የተሰባበረ ጡንቻ ይዘት ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ።

በሚቀጥለው የእግር ቀን ጠዋት፣ ዝግጁ መሆንዎን ለማወቅ ይህን ይሞክሩ። ያለ ድጋፍ አንድ ፎቅ ደረጃ ይውረዱ፣ ከዚያም ምንም ሳይሸከሙ አሥር ጊዜ ቀስ ብለው ስኳት ይሥሩ። መጠነኛ መያያዝ ብቻ ተሰምቶዎት ከአምስተኛው በኋላ እየላላ ከሄደ በታቀደው ክብደት ይሥሩ። ጉልበትዎ ከተንቀጠቀጠ ወይም በአንድ እግር ወደ ጎን ካዘነበሉ የዕለቱን ክብደት ይቀንሱ፣ ወይም ቀኑን በአንድ ቀን ያስተላልፉት። ይህንን ፈተና ግን ሮለሩን ከመንካትዎ በፊት ያድርጉት፤ ከታሹ በኋላ የሚሞክሩት ከሆነ ህመሙ ቀልሎ ስለሚጠብቅዎት የጡንቻዎን እውነተኛ ሁኔታ አይነግርዎትም።